መሪጌታው የሚባለው ባክቴሪያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ምንም ነገር እንዳልነካ ነው። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። መወልወያና ባልዲ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩና "ሳልነካ እንዴት አድርጌ ነው የማጸዳው?" አልኩ። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አንማው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው "ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ" አሉኝ።

ከዚያ በፊት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ አጸዳ ነበር። እዚያ ቆሻሻ ቆሻሻ ነው፤ ይጠረጋል፣ ይጣላል። እዚህ ግን ዶክተር አንማው ከመደርደሪያ ላይ መዳፍ የምታክል ክዳን ያላት የፕላስቲክ ሳህን አወረዱ። ፔትሪ ዲሽ ትባላለች። ውስጧ ቢጫ ነገር ተነጥፏል። "ይህ ከሰው ቁስል የተወሰደ ባክቴሪያ ነው። ጠላት ነው" አሉኝ። ሌላ ሳህን አወረዱ። ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ ጠመኔ የተረጨበት ይመስላል። "ይህ ደግሞ ከአፈር የተገኘ ነው። ወዳጅ ነው።"

"የትኛውን ልጣል?" አልኳቸው።

"ሁለቱንም አትጣይ። ጠላት ከሌለ ወዳጁን በምን እንፈትነዋለን?"

ጀርም ለማጥፋት ተቀጥሬ ጀርም ቀላቢ ሆንኩ። ያን ቀን ቤቴ ስደርስ ልብሴን ደጅ አውልቄ እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ልጄ ቤዛ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ልትስመኝ ስትሮጥ "እንዳትጠጊኝ!" ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች። ኋላ ከፍ ስትል ግን ነገሩን መቀለጃዋ አደረገችው። "እማ፣ ሹካውን ቀቀልሽ፣ ፎጣውን ቀቀልሽ፣ እኔንስ መቼ ነው የምትቀቅዪኝ?" ትለኝ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሥራውን ያስተማረኝ ጀማል የሚባል ከደሴ የመጣ ወጣት ተመራማሪ ነው። ዕቃ አጠባ የጀመርኩት በእሱ እጅ ነው፤ በሳሙና፣ ከዚያ በቧንቧ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ። ኦቶክሌቭ የሚባለውን መሣሪያ ስፈራው "አብሽሪ እትዬ፣ ትልቅ ፕሬዠር ኩከር ማለት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ክዳኑ ይጠብቃል፣ እንፋሎቱ ይታመቃል፣ ውስጡ የገባ ጀርም በሕይወት አይወጣም። ለባክቴሪያዎቹ ምግብ መሥራትም ተማርኩ። ዱቄቱ በውሃ ይሟሟል፣ ኦቶክሌቭ ይገባል፣ ሞቅ እንዳለ ሳህን ላይ ይፈስሳል። ሲበርድ ልክ እንዳደረ የአጥንት መረቅ ይረጋል። ከጽዳት ሠራተኛነት ወደ ላብራቶሪ ረዳትነት አደግሽ ተባልኩ። ማዕረጉ ሲያድግ ባልዲው አልቀረም።

ፍለጋው ምን እንደሆነ አዲስ ለምትቀጠሩት ልንገራችሁ። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ለቦታና ለምግብ ይጣላሉ። አንዳንዶቹ ጎረቤታቸውን የሚገድል ነገር ያመነጫሉ። እኛ ያንን ነገር ለሰው መድኃኒት ይሆን እንደሆነ እንፈልጋለን። የድሮዎቹን መድኃኒቶች ጀርሞቹ እየለመዷቸው ነው። እንዴት አይለምዷቸው? ሰው ግማሹን ይውጥና ሻል ሲለው ቀሪውን ለጎረቤት ያቆያል። ስለዚህ አፈር እናመጣለን፣ በውሃ በጥብጠን እናቀጥናለን፣ ሳህን ላይ እንቀባለን፣ የበቀለውን ለየብቻ እናሳድጋለን። ከዚያ ከቁስል ጀርም ጋር አንድ ሳህን ላይ እናገናኘዋለን። የቁስሉ ጀርም ሳህኑን ሁሉ ሞልቶ በአፈሩ ባክቴሪያ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ክብ ከታየ፣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክብ የለም። አብዛኛውን ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ይበላሻል፤ እኔም ሁሉንም አጥባለሁ።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ አፈር ፍለጋ ሮብ ገበያ ወደሚባለው ደጋ አገር ወጣን። ዶክተር አንማው ፊት ተቀመጡ፤ እኔና ጀማል ከአካፋውና ከፕላስቲክ ከረጢቱ ጋር ከኋላ። አንድ እርሻ ዳር ቆመን ስንቆፍር አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

"የመሬት ልኬት ነው?"

"አይደለም አባቴ። ለመድኃኒት ምርምር ነው" አለ ጀማል።

"ወርቅ አለው እንዴ?"

"የለውም።"

"ወርቅ ሳይኖረው ነው መኪና ሙሉ ሰው አፈር ፍለጋ ዳገት የሚወጣው? ተው ልጄ፣ እኛም ሬዲዮ እንሰማለን።"

እኛ መኪናው ውስጥ ስንገባ አዛውንቱ እኛ የቆፈርንበት ላይ ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት በዚያ ሳምንት የዚያ አካባቢ ሰው እርሻውን አንድ ጊዜ አብልጦ ገለበጠው አሉ። ቢያንስ ለሰብሉ ሳይጠቅም አይቀርም።

ጀማል በጣም የጓጓው ለቤተ ክርስቲያን ደን ነበር። አካባቢው ሁሉ ሲታረስ የኖረ ነው፤ ያልተነካ አፈር ያለው ከቅጽሩ ውስጥ ነው። የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ልሳነወርቅ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ተማሪዎቻቸው ራቅ ብለው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ማንም ሳይጠራ አይጠጋም። ዶክተር አንማው ስለ ሳይንስ ረጅም ንግግር አደረጉ። መሪጌታ በትዕግሥት ሰሟቸውና ወደ ጀማል ዞሩ።

"አንተ ልጅ ስምህ ማን ነው?"

"ጀማል እባላለሁ የኔታ።"

"ጀማል፣ አንተ ጫማህን በር ላይ አውልቀህ ገባህ። የእኛ ዶክተር ግን ከነጫማቸው ናቸው። ለማንኛችሁ ልስጥ?"

ተማሪዎቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ሳቁ። ዶክተር አንማው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ተማክረው ተመለሱ። "ከዚህ ግቢ እንጨት አይወጣም፣ ቅጠልም አይወጣም። አፈር ግን የጠየቀን ሰው ስለሌለ ሕግ አላወጣንለትም። ውሰዱ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ሀብት ነውና ስትጨርሱ ትመልሳላችሁ።"

"እንመልሳለን!" አሉ ዶክተር አንማው ወዲያው። እሳቸው "እሺ" ለማለት ችግር የለባቸውም።

ችግሩ የመጣው ስንመልስ ነው። የላብራቶሪው ደንብ ደግሞ እዚህ የገባ አፈር ኦቶክሌቭ ሳይገባ አይወጣም ይላል። ስለዚህ ሁለቱንም ሕግ ላለማፍረስ ትርፉን አፈር አሽገን በኦቶክሌቭ ቀቀልነው። እኔና ጀማል ይዘነው ወጣን። መሪጌታ ከረጢቱን ከፍተው አሸተቱት።

"ይህ አፈር ሽታው የት ሄደ?"

"ቀቅለነው ነው የኔታ" አልኳቸው። እሳቸው ፊት እንዴት ይዋሻል።

"ቀቅላችሁ? ለምን?"

"ጀርም እንዳይኖረው ብለን።"

"ስትወስዱት ጀርም ነበረው?"

"ነበረው።"

"የወሰዳችሁትስ ለጀርሙ አይደለም?"

"ነው።"

"እንግዲያ ፍሬውን አስቀርታችሁ ገለባውን ነው የመለሳችሁልን" አሉ። ከዚያ አንድ ተማሪ ጠርተው "በል ውሰድና ወይራው ሥር ቅበረው። የሞተ ነው" አሉት።

ክቡ የታየው ከዚያ አፈር ነው። ጠዋት ስገባ ጀማል ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ "እትዬ፣ ነይ እይ" አለኝ። የቁስሉ ጀርም ሳህኑን ሸፍኖታል። መሐል ላይ አንድ ነጭ ነጠብጣብ አለ። በዙሪያው የሳንቲም ስፋት ያለው ጥርት ያለ ቦታ አለ፤ አንድም የተጠጋው የለም። ለባክቴሪያው በደንቡ ቁጥር ተሰጠው፤ እኛ ግን "መሪጌታው" አልነው። መሪጌታን ወይራው ሥር ተማሪዎቻቸው ርቀው ከበዋቸው ያየ ሰው ሌላ ስም አያወጣለትም።

ዶክተር አንማው በደስታ ባነር አዘዙ። "ከጎጃም አፈር አዲስ መድኃኒት ተገኘ" ይላል።

"ዶክተር፣ ምን እንደሆነ እንኳ ገና አላወቅንም። 'ሊሆን ይችላል' የሚል ይጨመርበት" አለ ጀማል።

"'ሊሆን ይችላል' አይገባበትም፤ ቦታ የለውም" አሉ። በስፋቱ እንደሆነ ባነሩ ከበሩ ይበልጣል።

ባነሩ በተሰቀለ ማግስት የሰፈሬ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ወደ ቤቴ መጣ። እዚያ የምትሠራ እሷ ናት ተባለ። አንዱ የበሬውን ሰኮና ሕመም ነገረኝ። አንዷ ባሏ መጠጥ እንዲተውላት ጠየቀችኝ። ጎረቤቴ እማማ ጠጄ ጥርሳቸውን ይዘው መጡና "የለም" ስላቸው ተቆጡ። "እኔ ቤዛን ጨቅላ ሆና ያዘልኳት ሴትዮ! ለእኔ ትደብቂያለሽ?" አሉኝ። ሳህኑን አይተው ቢሆን ምንም እንደሌለኝ ያውቁ ነበር። መሪጌታው ያኔ ያመረተው ሁሉ ተጨምቆ አንዲት ጠርሙስ አይሞላም።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነበር። ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥር ስትዘል ባቷ ተቧጭሮ ነበር። ያኔ ትንሽ ነገር መስሎን በሳሙና አጠብኩት። ቆይቶ መገለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ቅባትና ካፕሱል ሰጡን። ካፕሱሉን እስከ መጨረሻው አስዋጥኳት፤ እኔ ያለሁበት ቤት ግማሽ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። ደረቀ፣ ሻረ ስንል እንደገና መገለ። ሌላ ዓይነት ሰጡን። ሻረ፤ ተመለሰ። እማማ ጠጄ በመሐረብ የተቋጠረ ካፕሱል አመጡልኝ። "የእኔን ጥርስ ያዳነ ነው" አሉ። ተቀብዬ አመሰገንኩና ጣልኩት። ደግሞም ዳነ የሚሉት ጥርስ ያው ከሳምንት በፊት መድኃኒት ስጪኝ ብለው ይዘውት የመጡት ነው።

እግሯ ማበጥ ጀመረ። ማነከስ ጀመረች። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ቁስሉን ዓይቶ ከንፈሩን ነከሰና "አጥንት ውስጥ እንዳይገባ ነው የምፈራው" አለኝ። እኔ ያን ቀን ከሥራ ስመለስ የት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ሰፈሬን አልፌ ከከተማው ወደ አማኑኤል በሚያስወጣው መንገድ ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት።

ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። በስልክ ስነግረው "የምትሠሪበት ቦታ እኮ መድኃኒት አገኙ ተባለ። ለሌላው ያገኙትን ለልጄ እንዳይሰጡ ምን ከለከላቸው?" አለኝ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። ለሌላ ሰው "ገና ነው" ማለት ቀላል ነው። ሳህኑን በዓይኔ አይቻለሁ። የቁስል ጀርም ነው የሚገድለው፤ የልጄም ሕመም ቁስል ነው።

ጀማልን "አንዲት ጠብታ ብቻ" ብዬ ለመንኩት።

አልተቆጣኝም። አንድ አዲስ ሳህን አመጣ፤ የቁስል ጀርም ቀባበት። በአንድ በኩል የመሪጌታውን ጭማቂ፣ በሌላ በኩል እኔ ወለል የምጠርግበትን በረኪና ጠብ አደረገ። በማግስቱ አሳየኝ። የበረኪናው ክብ ከመሪጌታው ይሰፋል።

"እትዬ፣ በቤዛ ቁስል ላይ በረኪና ታፈሺያለሽ?"

"እብድ ነኝ?"

"ጀርም መግደል ቀላል ነው። ጀርሙን ገድሎ ልጅቷን የሚተው ነው የጠፋው። ይህ ይተዋት አይተዋት ገና አላየንም።"

ገባኝ። ግን የገባኝ ጭንቅላቴ ላይ ነው፤ ሆዴ ላይ አልደረሰም።

በዚያው ሳምንት ዶክተር አንማው ቢሮአቸው ጠሩኝ። ባነሩን ለማየት ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ነው። "ይታይሽ" ብለው በስሜ ጠሩኝ። "የልጅሽን እግር ነገር ሰማሁ። አይዞሽ" አሉና ከመሳቢያቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። "ይህን በጥጥ ቀቢላት። ማንም አላየሽም፤ እኔም አልሰጠሁሽም። ስትድን ለእንግዶቹ እናሳያታለን።"

"ካልዳነችስ ዶክተር?"

"ካልዳነች ያው እንዳልኩሽ ነው። አልሰጠሁሽም።"

ጠርሙሱን ተቀበልኩ። በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ ቢወድቅስ ብዬ አወረድኩት። አልጋ ሥር አደረግኩት፤ ድመት ብትነካውስ ብዬ አወጣሁት። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጥጡንም አወጣሁ። ቤዛ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ታየኛለች።

"እማ፣ መሪጌታው እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ይገድላል?"

"ጀርም ይገድላል።"

"እኔንስ?"

"እሱን ገና አላዩም።"

"እንግዲያ መጀመሪያ ዶክተር አንማው ይቀቡት" አለች።

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ጥጡን መልሼ ጠቀለልኩት። ሲነጋ በባጃጅ ይዣት ሆስፒታል ሄድኩ።

ወረፋው ረጅም ነበር። የተቀበለችን ሲስተር ጠና ያለች፣ ንግግሯ አጭር ሴት ናት። ቁስሉን በጣቷ ዳር ዳሩን ጫን ጫን አደረገች። ቤዛ አንድ ቦታ ላይ ጮኸች።

"በምን ተጎዳሽ?"

"አጥር ስዘል።"

"የምን አጥር?"

"የእንጨት።"

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንት ሰው ያንን እግር አይቶታል፤ ስለ አጥሩ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ካፕሱሉን በሰዓቱ ማስዋጥ ነው የያዝኩት። ሐኪም ተጠራ። ማደንዘዣ ወጓት፣ ቁስሉን ከፈቱት። የግማሽ ክብሪት እንጨት የምታክል ስንጥር ወጣች፤ ጠቁራለች። ሲስተር በመቆንጠጫ ይዛ አሳየችኝ።

"ይህ ውስጥ እያለ ምንም ብትሰጫት ሻል ብሏት ይመለሳል። አሁን ይድናል።"

ዳነ። ሲደርቅ ጠበቅኩ፤ እንደገና ይመግላል ብዬ ጠዋትና ማታ እያየሁ። አልተመለሰም። እብጠቱ ጎደለ፣ ማንከሷም ቀረ። የእንግዶቹ ጉብኝት በዚያ መሐል ተላልፎ ተላልፎ ቤዛ መሮጥ ከጀመረች በኋላ ሆነ። ጠርሙሱን ለዶክተር አንማው እንደታሸገ መለስኩላቸው።

"አልቀባኋትም ዶክተር። ስንጥር ነበረ፤ አወጡላት።"

"ምንም አይደለም፤ ዋናው መዳኗ ነው። ሐሙስ ይዘሻት ነይ" አሉኝ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ዶክተር አንማው ስለ መሪጌታው ተናገሩ። ቀጥለው "ከባልደረቦቻችን የአንዷ ልጅ ለወራት አልድን ካለ ቁስል ተፈውሳ ዛሬ በመካከላችን ትገኛለች" አሉ። አልዋሹም። በምን እንደዳነች አልተናገሩም፤ ከባነሩ ሥር ቆመው ስለሆነ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ጀማል አንገቱን ደፋ። ማይክራፎኑ ወደ እኔ መጣ።

ተቀበልኩት። እንዲህ አልኩ፦ "እግሯ ውስጥ የአጥር ስንጥር ነበረ። ሆስፒታል አወጡላት። ዳነች። እኛ ጋ ያለው ገና ሰው ላይ አልተሞከረም፤ እኔም አልቀባኋትም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የመድረኩ መሪ ቀድሞ እያንዳንዱ ተናጋሪ ሲጨርስ እንዲጨበጨብ ነግሮ ነበር። ቤዛ ቀሚሴን ጎትታ "እማ፣ የሚያጨበጭቡት ለእንጨቱ ነው?" አለችኝ። አንዲት እንግዳ ሴት መጥታ ጨበጠችኝና "እንኳን ለዚህ መድኃኒት አበቃችሁ" አለችኝ። ደግሜ ልነግራት አፌን ስከፍት ምሳ ተባለ።

ቆይቶ የመሪጌታው ጭማቂ አዲስ አበባ፣ ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ወዳለበት ተልኮ ውጤቱ መጣ። የሚያመነጨው ነገር አዲስ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ነው፤ በየፋርማሲው ይሸጣል። ጤና ጣቢያ ለቤዛ ሁለተኛ ጊዜ የሰጧት ዓይነት ነው። ዶክተር አንማው ስብሰባ ጠርተው "ያገኘነው ነገር ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው መሆኑ ተረጋግጧል" አሉ። ተጨበጨበ።

እማማ ጠጄ ሲሰሙ "እንኳንም አልሰጠሽኝ፤ ያንን እኔ ቤቴም አለኝ" አሉኝ።

ከስብሰባው በኋላ በሦስተኛው ቀን ጀማልን የአፈር ከረጢት ሲቆጥር አገኘሁት። "እንዲህ ነው እትዬ። አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሌላ ሰው ያገኘውን ነው። ያልተገኘው እስኪገኝ ነው የምንቆፍረው" አለኝ። አሁንም እየቆፈርን ነው። እኔም እያጠብኩ ነው።

ለአዲሶቹ የምነግራችሁ ይህን ነው። ሳህን ላይ ጀርም የገደለ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ቁስል አልድን ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ከመቀባታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ይታይ።